በአባት ቱታ ወደ ቤት የገባ አቧራ

ታናሽ እህቴ ከብዙ ዓመት ቁጠባና ከባንክ ብድር በኋላ አንድ አሮጌ ግቢ ገዛች። ዋናው ቤት በንጉሡ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ከጀርባው ተርታውን የተሰለፉ ሰርቪስ ቤቶች አሉት። እድሳቱ በተጀመረ በሁለተኛው ቅዳሜ «ነይና ቡና እየጠጣን እዪው» ብላኝ ሄድኩ። የግቢውን በር አልፌ ስገባ ሁለት ቀን ሠራተኞች ጣሪያ ላይ ወጥተው የሰርቪሱን ክዳን በመዶሻ እየሰበሩ ወደ ታች ይወረውራሉ። ክዳኑ ቆርቆሮ አልነበረም። ቅርጹ እንደ ቆርቆሮ ወጣ ገባ ያለ፣ ግራጫና ወፍራም ነገር ነው። ሲሰበር እንደ ሸክላ ይጮኻል፤ የተሰበረው ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የሳሱ ክሮች ብቅ ብለው ይታያሉ። ግቢው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። የእህቴ ልጆች ስብርባሪውን እንደ ጠመኔ ይዘው ሲሚንቶው ላይ ሰኞ ማክሰኞ ያሰምሩበታል።

ፎርማኑን ጠርቼ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ኢተርኒት ነው እትዬ፤ የድሮ ዕቃ! መቶ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም» አለኝ፣ እንደ መኩራት እያለ። ሥራው ለጊዜው ይቁም ስል እህቴ ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ ይህን አምድ መጻፍ ከጀመርሽ ወዲህ በሽታ የማታዪበት ነገር የለም!»

ልጆቹን አስታጥቤና ልብሳቸውን አስቀይሬ እስክመለስ ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። ያን ቀን ለእህቴ በጥድፊያ የነገርኳትን ዛሬ ረጋ ብዬ ላጫውታችሁ።

ዘላለማዊው ክዳን

ፎርማኑ ስለ ዕድሜው የተናገረው ውሸት አይደለም። ሉድቪግ ሃትሼክ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሚንቶን ከአስቤስቶስ ጋር ቀላቅሎ ስስና ጠንካራ ክዳን የሚሠራበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ለምርቱም በላቲን ዘላለማዊነትን ከሚገልጸው ቃል ወስዶ ኢተርኒት የሚል ስም አወጣለት።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው። ከሌላው ድንጋይ የሚለየው እንደ ጥጥ መፈልቀቅ፣ እንደ ፈትልም መሸመን መቻሉ ነው። እሳት አይበላውም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስለዚህ ያለፈው ክፍለ ዘመን ያላስገባበት ቦታ የለም፦ ጣሪያ፣ ኮርኒስ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የመርከብ ሞተር ክፍል፣ የቦይለር መጠቅለያ፣ የመኪና ፍሬን ሸራ።

ጣጣው የሚመጣው ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ ነው። ክሩ ዓይን ወደማያያቸው ብናኞች ይበታተናል፤ እነዚህም አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ። በርበሬ ስንቀነጥስ ቢያንስ ያስነጥሰናል፤ ፊታችንን እናዞራለን። ይህ ግን አይሸትም፣ አያሳክክም፣ አያስልም። በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል፤ የሰውነት ወታደሮች የሆኑት ሴሎች ሊውጡት ይሞክራሉ፣ አይችሉም። ክሩ እዚያው ሆኖ ለዓመታት ይቆጠቁጣል።

ለበዓል በቤቱ በግ ያሳረደ ሰው የጎድኑን ውስጠኛ ገጽ የለበሰውን የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ያውቀዋል። በእኛም ደረት ውስጥ አለ። አንዱ ሳንባን፣ ሌላው የጎድን አጥንትን ከውስጥ በኩል ይለብሳል። በመሃላቸው ጥቂት እርጥበት ስላለ በተነፈስን ቁጥር ሳንባችን ሳይፋተግ ይንሸራተታል። ሆድ ዕቃና ልብም ተመሳሳይ ሽፋን አላቸው። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው ካንሰር የሚነሳው ከዚህ ሽፋን ነው፤ በአብዛኛው ከደረቱ፣ አንዳንዴ ከሆዱ።

ስለዚህ ከሳንባ ካንሰር የተለየ በሽታ ነው። ሲጋራ ሜሶቴሊዮማን አያመጣም። አስቤስቶስ የተነፈሰ ሰው ቢያጨስ ግን የሳንባ ካንሰር አደጋው በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር፣ ይህን ለማጨስ ፈቃድ አድርጎ የሚወስድ እንዳይኖር። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመላው ዓለም በዓመት 30,000 ገደማ ሰዎች ይያዙበታል፤ ከሌሎች ካንሰሮች ጋር ሲተያይ ብርቅ ነው። አስቤስቶስ ከተነፈሱትም የሚታመሙት ጥቂቶቹ ናቸው። የሚያስፈራው ጊዜው ነው፦ አቧራው ከተነፈሰበት ቀን አንስቶ በሽታው እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይፈጃል። በሠላሳ ዓመቱ ጣሪያ የሰበረ ሰው የሚታመመው የልጅ ልጅ ሲያቅፍ ነው። ያኔ ጣሪያውን ማን ያስታውሳል?

በሽተኞቹ ከየት ነበር የመጡት?

ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ በቁም ነገር የጠየቁት ሐኪሞች በእኛው አህጉር፣ በደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በአልማዟ በምትታወቀው በኪምበርሊ ከተማ የቲቢ ሆስፒታል ይመራ የነበረው ዶክተር ስሌግስ አንድ ነገር ግራ አጋባው። ደረታቸው ውሃ ቋጥሮ ቲቢ ነው ተብለው ከሚገቡት መካከል ከከተማዋ ምሥራቅ የመጡት በመድኃኒቱ ይድናሉ፤ ከምዕራብ የመጡት ግን አይሻላቸውም። መድኃኒቱ ያው፣ ሐኪሙም ያው። በስተምዕራብ ያለው ደግሞ ሰማያዊ አስቤስቶስ የሚወጣበት የኬፕ ኮረብታማ አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 በጆሃንስበርግ ዶክተር ክሪስ ዋግነር የአንድ ማዕድን ሠራተኛን አስከሬን ሲመረምር ደረቱን በአንድ ጎን የሞላ ዝልግልግ ዕጢ አገኘ። ሁለቱ ሐኪሞች ፖል ማርሻንድ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር ሆነው ሕሙማኑንና ቤተሰቦቻቸውን እየፈለጉ መጠየቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 የ33 ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። ዓለምን ያስደነገጠው ብዙዎቹ ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ መሆናቸው ነው። የቤት እመቤቶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ከብት ጠባቂዎች ነበሩበት። የሚያመሳስላቸው በልጅነታቸው ማዕድኑ አጠገብ መኖራቸው፣ በትራፊው ክምር ላይ መጫወታቸው ነበር። በዚያ አገር ሴቶችና ልጆች ክሩን ከድንጋዩ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ይለዩ ነበር።

የእህቴ ልጆች በእጃቸው የያዙትን ሳይ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከሰሜን ጣሊያን ነው። ካሳሌ ሞንፌራቶ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1986 ትልቅ የኢተርኒት ፋብሪካ ነበር። ሰው ሁሉ እዚያ መቀጠርን እንደ ዕድል ይቆጥረው ነበር። ከፋብሪካው የሚተርፈውን ዱቄት ነዋሪዎቹ እየወሰዱ በግቢያቸውና በመንገዳቸው ላይ ያነጥፉት፣ በኮርኒሳቸው ላይ ብርድ እንዲከላከል ይደፉት ነበር። ሠራተኞቹ ማታ በአቧራ ነጭ ሆነው ይገባሉ፤ ሚስቶቻቸው ቱታውን አራግፈው ያጥቡታል። ከዓመታት በኋላ በእነዚያ ሚስቶች ላይ በተደረገ ጥናት ሜሶቴሊዮማ ከሚጠበቀው በብዙ እጥፍ በዝቶ ተገኘ። ቱታ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያኖቹ ነው፤ አጣጠቡም ያው መሆኑን ልብ በሉ።

ሮማና ብላዞቲ ፓቬዚ የዚያች ከተማ ሴት ነበረች። ባሏን ማሪዮን እ.ኤ.አ. በ1983 በዚህ በሽታ አጣች። ከዚያ እህቷን፣ የእህቷን ልጅ፣ የአክስት ልጇን፣ በመጨረሻም በ2004 የገዛ ሴት ልጇን ቀበረች። ከአምስቱ ፋብሪካ ውስጥ የሠራው ማሪዮ ብቻ ነው። ሮማና የተጎጂ ቤተሰቦችን ማኅበር እየመራች ለአሥርት ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የቱሪን ፍርድ ቤት በባለቤቶቹ ላይ ፈረደ፤ በ2014 ደግሞ የጣሊያን ከፍተኛው ፍርድ ቤት የይርጋ ዘመኑ አልፏል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። አርባ ዓመት ተደብቆ ለሚቆይ በሽታ ይህ ዓይነቱ ይርጋ ለእኔ ፍርድ አይመስለኝም። ጣሊያን አስቤስቶስን በ1992፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008 አግደዋል፤ ዛሬ ያገዱት ሀገሮች ከ60 በላይ ናቸው።

በቱርክ ቀጰዶቅያ ደግሞ ካራይንና ቱዝኮይ በሚባሉ መንደሮች ፋብሪካም ማዕድንም ሳይኖር ሰዉ በሜሶቴሊዮማ ያልቅ ነበር። ምክንያቱ ኤሪዮናይት የሚባል ሌላ ክራማ ማዕድን በቤቶቹ ድንጋይ ውስጥ መኖሩ ነው። በዘር የሚተላለፍ የጂን ጉድለትና ቀደም ሲል ደረት ላይ የተሰጠ የጨረር ሕክምናም አልፎ አልፎ ምክንያት ይሆናሉ። ዋናው ግን አስቤስቶስ ነው።

«ሳንባው ውሃ ቋጠረ» ሲባል

በሽታው ሲጀምር ድምፅ የለውም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ትንፋሽ ማጠር ነው፤ ደረጃ ሲወጡ፣ ዳገት ሲሄዱ ይታወቃል፤ ሰውም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ በአንድ ጎን ደረት የማይለቅ ድፍን ያለ ሕመም፣ ደረቅ ሳል፣ ድካም፣ ያለምክንያት መክሳት፣ አንዳንዴም የሌሊት ላብ ይመጣል። የሆዱ ዓይነት ከሆነ ሆድ ይነፋል፣ ያማል፣ ምግብ ይዘጋል። ራጅ ሲነሳ በአንድ በኩል ውሃ ይታያል።

እዚህ ላይ የኪምበርሊው ሐኪም ወደ እኛ ቤት ይገባል። በሀገራችን ደረት ውሃ ቋጠረ ሲባል ሐኪም መጀመሪያ ቲቢን ቢያስብ ትክክል ነው፤ ቲቢ ብዙ ነው፣ ይድናልም። የታዘዘላችሁን የቲቢ መድኃኒት ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳታቋርጡ አደራ። ነገር ግን መድኃኒቱ በሥርዓቱ ተወስዶ ውሃው ተመልሶ ከሞላ፣ ሕመሙ ከባሰ፣ ክብደቱ መቀነሱን ከቀጠለ፣ «ሌላ ነገር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የበሽተኛው ቤተሰብ መብት ነው። ሐኪሙ እንዲያውቅ የሚያስፈልገውን ደግሞ ከእናንተ በቀር የሚነግረው የለም፦ አባባ ከአርባ ዓመት በፊት ምን ሠሩ? መርከብ ላይ ነበሩ? ቦይለር ክፍል? ግንባታ? በውጭ አገር የአሮጌ ሕንፃ ማፍረስ ሥራ? እማማስ የማንን ልብስ ያጥቡ ነበር? አጣዳፊ ተራ በሚበዛበት ክሊኒክ ይህን የሚጠይቅ ባለሙያ ካላጋጠማችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

በሽታው የሚታወቀው ደረጃ በደረጃ ነው። ከራጅ በኋላ ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ውሃው በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል። ውሃው ውስጥ ምንም አልተገኘም ማለት ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። እርግጠኛ የሚያደርገው በካሜራ ደረት ውስጥ ገብቶ ከሽፋኑ ላይ ሥጋ ቆርሶ በላቦራቶሪ ማየት ነው። ናሙናው ዓይነቱን ጭምር ይለያል፤ በብዛት የሚገኘው ኤፒቴሊዮይድ የሚባለው ዓይነት ለሕክምና የተሻለ ምላሽ አለው።

ስለ ሕክምናው ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ሜሶቴሊዮማን ጨርሶ የሚያድን ሕክምና ለአብዛኛው በሽተኛ የለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ፔሜትሬክሴድ የሚባለው መድኃኒት ከሲስፕላቲን ጋር በኬሞቴራፒነት ተፈቀደ። በ2020 ደግሞ የራስን በሽታ መከላከያ የሚያነቃቁ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የሚባሉ መድኃኒቶች ለደረቱ ዓይነት ተፈቀዱ፤ በተሞከሩበት ጥናት መካከለኛው ዕድሜ በኬሞቴራፒ ብቻ ከነበረው 14 ወር ገደማ ወደ 18 ወር ገደማ ከፍ ብሏል። ለሚወዱት ሰው አራት ወር ስንት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል፤ ዋጋቸው ግን ከአብዛኛው የእኛ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ሽፋኑን ገፎ የሚያወጣው ከባድ ቀዶ ሕክምና እንደታሰበው አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከኬሞቴራፒው በላይ ዕድሜ እንዳልጨመረ አሳይቷል። የሆዱ ዓይነት ይሻላል፤ ዕጢው ተለቅሞ ሆድ ውስጥ የሞቀ ኬሞቴራፒ የተደረገላቸው አንዳንድ ሕሙማን ብዙ ዓመት ኖረዋል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ቦታ የማይወራለት ማስታገሻ ሕክምና ነው። ውሃውን መቅዳት፣ ተመልሶ እንዳይሞላ በሁለቱ ሽፋኖች መሃል ታልክ ረጭቶ ማጣበቅ፣ ሕመሙን በሞርፊን ጭምር በአግባቡ መያዝ። በሽተኛው ተኝቶ እንዲያድር፣ ቁጭ ብሎ ከልጆቹ ጋር እንዲበላ የሚያደርገው ይህ ነው። «ሞርፊን ሱስ ያስይዛል» ብላችሁ በሕመም የሚሰቃይን ሰው አትከልክሉት።

ወደ እህቴ ግቢ

እርግጥ ነው፣ ግራጫ ክዳን ሁሉ አስቤስቶስ የለበትም። በዓይን መለየት አይቻልም፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ የዕድሜ ባለጠጋ ከሆነ እንዳለበት ቆጥሮ መያዝ ይሻላል። ሳይሰበርና ሳይፈረፈር ያለ ክዳን ከላያችሁ ስላለ ብቻ እንቅልፍ አትጡ፤ ክሩ በሲሚንቶው ስለተያዘ አየር ላይ አይወጣም። አትብሱት፣ አትቁረጡት፣ በብሩሽ አትፈትጉት። መነሳቱ ግድ ከሆነ በውሃ አርሶ፣ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ሙሉውን እንዳለ ማውረድ ነው። ሰባራው በወፍራም ፕላስቲክ ይጠቀለላል። መሬቱ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁም ይጣላል። የኮቪድ ጊዜው ሰማያዊ ማስክ ይህን አያቆምም፤ ለሠራተኞቹ የሚያስፈልገው ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም፣ ለእንዲህ ያለ ብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ነው። ልብሳቸውን ቤታቸው ይዘው እንዳይሄዱ! ቀን ሠራተኛውም ልጆች አሉት። በአሜሪካና በአውሮፓ አሮጌ ቤት ገዝተው በራሳቸው እጅ የሚያድሱ ዘመዶቻችሁም ግድግዳ ከማፍረሳቸው በፊት ያስመርምሩ፤ እዚያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አለ።

እህቴ በመጨረሻ ሰማችኝ። የልጆቿ ነገር አስጨንቋት ማታ ደውላ «አሁን ምን ይሆናሉ?» አለችኝ። አንድ ቀን ለጥቂት ደቂቃ መጋለጥ የሚያስከትለው አደጋ በጣም ትንሽ መሆኑን፣ በሽታው የሚበረታው ብዙና ደጋግመው በተነፈሱት ላይ እንደሆነ ነገርኳት። ምንም አደጋ የሌለው መጠን ይህ ነው ተብሎ የተቆረጠ ልክ ስለሌለ ግን «ምንም አይደለም» ብዬ አልዋሸኋትም። የቀረው ክዳን በውሃ እየራሰ ወረደ። ሦስት ቀን ተጨማሪ ሒሳብ ከፈለች። የት እንደሚጣል ለመጠየቅ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄደን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲያመላልሱን ውለው «ማንኛውም ፍርስራሽ የሚጣልበት ጣሉት» አሉን። አልጣልነውም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሸራ ተሸፍኖ ከግቢው ጥግ ተቀምጧል።

ይህን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለ እናቴን ስለ አባቴ ጠየቅኋት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ነው የሠራው። ፍሬን ሲፈታ የታምቡሩን አቧራ በኮምፕሬሰር እፍ ያደርገው እንደነበር ራሴም አስታውሳለሁ፤ እንደ ትርኢት ነበር የምናየው። በጋራዥ ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በፋብሪካና በመርከብ ሠራተኞች ላይ እንደታየው ዓይነት አደጋ አላገኙም፤ ቢሆንም የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት፣ በንፋስ መንፋትም አይመከርም። «ቱታውን ማን ነበር የሚያጥበው?» አልኳት።

«ማን ያጥብልኛል? እኔው ነኛ!» አለች። «መጀመሪያ ጓሮ ወስጄ ደህና አድርጌ አራግፈው ነበር። ያን ሁሉ ትቢያ ይዤ ውሃ ላባክን?»

እማዬ 74 ዓመቷ ነው፤ ደረቷ ደህና ነው። በዚያው ሳምንት ለደም ግፊት ክትትሏ አብሬያት ሄድኩና ለወጣቱ ሐኪም ስለ ቱታው ነገርኩት። ትንሽ አየኝ፣ ከዚያ ካርዷን ስቦ ከመድኃኒቶቿ ዝርዝር በታች አንድ መስመር ጻፈ። እሷ ግን ቀጠሮው ለመቼ እንደሆነ ነበር የምትጠይቀው።